ደም መጣጩ ሙሽራ፤ ከ1819 እስከ 2008 ስለ ተጻፉ የቫምፓየር ልብ ወለዶች

ቫምፓየር፥ ማለት ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ከመቃብር እየተነሣ የሰው ደም ይጠጣል የሚባለው ፍጡር፥ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ ቦታ ካገኘ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ፍጡሩ አለ ወይስ የለም የሚለውን አይደለም። ጥያቄያችን ጠበብ ያለ ነው፤ ይኸውም ደም መጣጩ ሙሽራ በሆነ ጊዜ በሙሽራይቱ ላይ ምን ይደርስባታል፥ ጸሐፊውስ የደረሰባትን ነገር በምን ስም ይጠራዋል የሚል ነው።

ወደዚህ ጥያቄ ያመጣን በጓደኞቻችን መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያገኘነው፥ አሜሪካዊቱ ስቴፈኒ ማየር በ2008 ያሳተመችው «ብሬኪንግ ዶውን» የተባለ መጽሐፍ ነው። ትርጓሜው «ጎሕ ሲቀድ» እንደ ማለት ነው። መጽሐፉ በ2005 በወጣው በ«ትዋይላይት» ከተጀመሩት ቅጾች አራተኛውና የታሪኩ መደምደሚያ ነው። በወጣበት በመጀመሪያው ቀን በአሜሪካ ብቻ 1.3 ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠ ሲሆን፥ ቅጾቹ በአንድነት በዓለም ላይ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠዋል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «የልጃገረዶች ተረት ነው» ብሎ መተው ለታሪክ ተማሪ አይገባውም። ብዙ ሰው ወድዶ ያነበበው ተረት የዘመኑን አሳብ ከብዙ ዐዋጅ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ ሥር የሚገኘው በባልካን ገበሬዎች ዘንድ ነው። በ1725፥ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው በሰርብያ፥ ኪሲሎቫ በምትባል መንደር፥ ፔታር ብላጎዬቪች የሚሉት ገበሬ ከሞተ በኋላ በስምንት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። የመንደሩ ሰዎች ሟቹ ሌሊት እየመጣ ያንቃቸዋል ብለው መቃብሩን ከፈቱ፤ ልቡን በእንጨት ወግተው ሬሳውን አቃጠሉት። ጉዳዩን የመዘገበው የኦስትሪያ ሹም፥ የሟቹ ሚስት «ባሌ መጥቶ ጫማዬን ስጪኝ አለኝ» ማለቷን ጽፏል። በሬሳው ላይ ያየውን አንዳንድ ምልክት ግን ለአለቆቹ ካለው አክብሮት የተነሣ ሳይዘረዝር እንዳለፈው ይገልጻል። የነገሩ የፍትወት ወገን ገና ከመጀመሪያው ታይቶ የታለፈ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። በ1732 ደግሞ አንድ የጦር ሐኪም ስለ ሌላ የሰርብያ መንደር የጻፈው መግለጫ በመላ አውሮፓ ተሠራጨና ቃሉም በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ጋዜጦች ገባ። ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1755 እንዲህ ያለውን የመቃብር መክፈት ሥራ ከለከለች። እንግዲህ የገበሬዎቹ ቫምፓየር መልከ መልካም መኰንን አልነበረም፤ ያበጠ፥ ፊቱ የቀላ፥ ጫማውን የሚፈልግ ጎረቤት ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ የአገራችንን ቡዳ ማስታወሱ አይቀርም። ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቡዳ በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ የሚበላውም በዐይኑ ነው ይባላል። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። በእኛ አገር ልማድ የተበላው ሰው ይለፈልፋል፤ ሲለፈልፍም «ማን በላህ?» ተብሎ ይጠየቃል፥ የበላውንም ሰው ስም ይጠራል። በአውሮፓው ልብ ወለድ ግን፥ ከዚህ በታች እንደምናየው፥ የተበላችው ሴት የበላትን ሰው ስም እንድትጠራ ዕድል የምታገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ገበሬውን ቫምፓየር ወደ መኰንንነት ያሳደገው ጆን ፖሊዶሪ የተባለ ወጣት ሐኪም ነው። በ1815 በኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ሰማዩን ስለ ጋረደው፥ የ1816 የበጋ ወራት በአውሮፓ ብርድና ዝናብ ሆነ። በጄኔቭ ሐይቅ አጠገብ ያረፉት ባለቅኔው ሎርድ ባይረን፥ ፐርሲ ሼሊና በኋላ ሚስቱ የሆነችው ሜሪ ከቤት መውጣት ስላልቻሉ፥ እያንዳንዳቸው አስፈሪ ታሪክ ለመጻፍ ተወራረዱ። የሜሪ ታሪክ በ1818 «ፍራንከንስታይን» ተብሎ ታተመ። የባይረን የግል ሐኪም የነበረው ፖሊዶሪ ደግሞ ባይረን ጀምሮ የተወውን አሳብ ይዞ «ቫምፓየሩ» የተባለውን አጭር ታሪክ ጻፈ፤ እርሱም በ1819 በአንድ የሎንዶን መጽሔት፥ ያለ ፈቃዱ፥ በባይረን ስም ወጣ።

የዚህ ታሪክ ደም መጣጭ ሎርድ ሩትቨን ነው፤ ሀብታም፥ ቀዝቃዛ፥ በታላላቅ ቤቶች ግብዣ የማይጠፋ መኰንን። ኦብሪ የተባለ ወጣት አብሮት ሲጓዝ ሩትቨን በሽፍቶች ቈስሎ ሊሞት ሲል፥ ስለ ክፉ ሥራውና ስለ ሞቱ ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ለማንም እንዳይናገር ያስምለዋል። ኦብሪ ወደ ሎንዶን ሲመለስ የሞተው ሰው ቆሞ ያገኘዋል፤ ጥቂት ቆይቶም የገዛ እኅቱን ሊያገባ መታጨቱን ይሰማል። መሐላው አፉን ስለ ያዘው ይታመማል፥ ያብዳል እየተባለም ይጠበቃል። ሠርጉ ይፈጸማል፤ ሙሽራይቱም የደም መጣጩ ምግብ ሆና ትሞታለች። ልብ ሊባል የሚገባው፥ እኅትየው በታሪኩ ውስጥ የራስዋ አሳብ የሌላት ከመሆኗ የተነሣ ምን እንደ ወደደችለት እንኳ አለመነገሩ ነው። ክፉው ነገር ግን በክፉ ስሙ ተጠርቷል። የፖሊዶሪ አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ የሆነው ግድያ መሆኑን አይጠራጠርም።

አይርላንዳዊው ሸሪዳን ለ ፋኑ በ1871ና በ1872 ያወጣውን «ካርሚላ» በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ ቫምፓየሯ ሴት፥ የምትወደውም ሴት ልጅ ናት። ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ታሪኩን የምትናገረው የተነከሰችው ሎራ ራሷ ናት፤ የተሰማትም ፍርሃትና መውደድ የተቀላቀለበት መሆኑን ሳትደብቅ ትናገራለች። በዚያ ዘመን ከተጻፉት ዝነኛ ታሪኮች መካከል የተነከሰችው ሴት ብቻዋን ተራኪ የሆነችበት ይህ ነው።

የስቶከር «ድራኩላ» በሜይ 1897 ታተመ። በዚህ ላይ ዘግየት ማለት ይገባል። ሉሲ የተባለችውን ልጅ በአንድ ቀን ሦስት ሰዎች ለጋብቻ ይጠይቋታል። ለጓደኛዋ ለሚና በጻፈችው ደብዳቤ ሦስቱንም ማግባት ቢፈቀድ ምን ነበረበት ትልና፥ እንዲህ ማለት እንደማይገባ ወዲያው ራሷን ትገሥጻለች። የመጽሐፉ ቅጣት ከዚህች ምኞት ጋር የተያያዘ ነው ብንል ያስኬደናል። ድራኩላ ከነከሳት በኋላ አራት ወንዶች በየተራ ደማቸውን ይሰጧታል፤ ሞታ ቫምፓየር ስትሆንም እጮኛዋ በገዛ እጁ ልቧን በእንጨት ይወጋል፥ ሌሎቹ ወንዶች በአጠገቡ ቆመው ጸሎት ይደገማል። ከዚያ በኋላ ራስዋ ይቈረጣል፥ አፏም በነጭ ሽንኩርት ይሞላል። ጸሐፊው ከዚህ ሁሉ በኋላ በሬሳዋ ፊት ላይ የቀድሞው ንጽሕና እንደ ተመለሰ ይነግረናል። አፏ የተሞላ ሴት ስለ ንጽሕናዋ ምን እንደምትል ግን አልተጠየቀችም።

ሚና ከሉሲ የተለየች ናት። በጽሕፈት መኪና የምትጽፍ፥ የባቡር ሰዓት በቃሏ የምታውቅ፥ ድራኩላን የማሳደዱን ሥራ በሐቅ የምትመራው እርሷ ናት። ድራኩላ ግን ባልዋ ደንዝዞ በተኛበት ክፍል ደሟን ጠጥቶ በግድ የራሱን ደም ያጠጣታል። ይህ ያለ ፈቃዷ የተፈጸመ መሆኑ በግልጥ ተጽፏል። ሆኖም ለጥበቃ ብለው ቅዱስ ቍርባኑን በግንባሯ ላይ ቢያኖሩት ያቃጥላታል፤ እርሷም ረከስኩ ብላ ትጮኻለች። ጠባሳው የሚጠፋው ድራኩላ ሲሞት ነው። የበደሉ ምልክት በበዳዩ ላይ ሳይሆን በተበደለችው ግንባር ላይ ይታተማል ማለት ነው።

ስቶከር ይህን ከባዶ አልፈጠረውም። ከ1864 እስከ 1869 በወጡ ሕጎች መሠረት፥ የጦር ሰፈር ባለባቸው የእንግሊዝ ከተሞች በሴተኛ አዳሪነት የተጠረጠረች ሴት የአባለ ዘር በሽታ እንዳለባት በግድ ትመረመር ነበር፤ ወታደሮቹ ግን በዚያ ሕግ አይመረመሩም። ሕጎቹ ከብዙ ክርክር በኋላ በ1886 ተሻሩ። በ1885 ደግሞ የሴት ልጅ ፈቃድ በሕግ የሚጸናበት ዕድሜ ከ13 ወደ 16 ዓመት ከፍ አለ። በአንድ በኩል ልጅን ለመጠበቅ የሚያስብ፥ በሌላ በኩል በሽታውን በሴቲቱ ገላ ብቻ የሚፈልግ ዘመን ነበር፤ ሚናና ሉሲ የእነዚህ የሁለቱ አሳቦች ልጆች ናቸው። የሚያስገርመው ስቶከር ራሱ በ1908 ስለ ልብ ወለድ ሳንሱር አንድ ጽሑፍ አውጥቶ የሥጋን ፍትወት የሚቀሰቅሱ መጻሕፍት እንዲታገዱ መጠየቁ ነው። የገዛ መጽሐፉ በዚያ መዝገብ ሊገባ እንደሚችል የጠረጠረ አይመስልም።

ከዚህ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቫምፓየሩን ያሳደገው ሲኒማ ነው፤ የ1922ቱን የጀርመን «ኖስፈራቱ»ና ቤላ ሉጎሲ የሠራበትን የ1931ዱን «ድራኩላ» ስም ጠርተን እናልፋለን። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ለውጥ የመጣው በ1967 ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ቴሌቪዥን በየቀኑ ይታይ በነበረ «ዳርክ ሻዶውስ» በተባለ ትርኢት ላይ ባርናባስ ኮሊንስ የሚባል ቫምፓየር ለጥቂት ጊዜ ክፉ ሰው ሆኖ እንዲታይ ገባ። ተመልካቹ ወደደው፥ ደብዳቤም ጎረፈለት፤ ስለዚህ ይገደል የነበረው ቀረና ኅሊናው የሚወቅሰው፥ የሚታዘንለት ሰው ተደርጎ ተሻሻለ። አን ራይስ በ1976 ባሳተመችው «ከቫምፓየር ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ» ደግሞ ደም መጣጩ በድምፅ መቅረጫ ፊት ተቀምጦ የገዛ ታሪኩን ይናገራል። በዚያ መጽሐፍ ሌስታት የተባለው ጨካኝ ነው፤ በአምስት ዓመቷ ቫምፓየር ያደረጋት ክላውዲያም አሳቧ ሲያድግ ገላዋ ሕፃን ሆኖ ይቀራል። በ1985 ተከታዩ ሲወጣ ግን የመጽሐፉ ርእስ «ቫምፓየሩ ሌስታት» ሆነ፤ ተናጋሪውም ራሱ ነው። ክላውዲያ በመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ ሞተች የምትመልስለት የለም።

ከዚህ አንድ ነገር ማስተዋል ይቻላል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ወንጀሉን ይነግራል፤ ተከታዩ ምሕረቱን ያመጣል። ተከታይ መጽሐፍ የሚጻፈው ገጸ ባሕርዩ ስለ ተወደደ ነውና፥ የተወደደ ሰው ደግሞ በወንጀል እንደ ተያዘ ሊቀር አይችልም። የማየርን ቅጾች ያነበብነው ይህን ይዘን ነው።

በ«ትዋይላይት» ኤድዋርድ በ1918 በኅዳር በሽታ ሊሞት ሲል ቫምፓየር የሆነ፥ መልኩ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፥ ዕድሜው ግን ከመቶ ያለፈ ነው። ቤላ የምትባለውን ተማሪ ይወዳታል፥ ደሟም ይጠራዋል። በመጀመሪያው መጽሐፍ አደገኛ መሆኑን ራሱ ይነግራታል። ምሕረቱ የሚጀምረው በተከታዮቹ ነው። በ2006ቱ «ኒው ሙን» ጥሏት ሲሄድ ልጅቷ ከሰው ተራ ትወጣለች፤ ደራሲዋ የወራት ስም ብቻ የተጻፈባቸው ባዶ ገጾች አስገብታለች። ቤላም ድምፁን በጆሮዋ የምትሰማ ስለሚመስላት ሆን ብላ አደጋ ትፈልጋለች፥ ከገደልም ወደ ባሕር ትዘላለች። በዚሁ ቅጽ ኤምሊ የተባለች ሴት ፊቷ በአንድ ወገን ተቦጫጭሮ እናያለን፤ የቦጨቃት ወደ ተኩላነት የሚለወጠው እጮኛዋ ሳም ነው፥ ቍጣውን መግታት አቅቶት። ቤላ ወደ ቤታቸው ስትሄድ ጓደኞቹ ፊቷን አተኵራ እንዳታይ ያስጠነቅቋታል። ምክንያቱ ኤምሊ እንዳታፍር አይደለም፤ ሳምን ስለሚያስከፋው ነው።

በ2007ቱ «ኤክሊፕስ» ያለው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ነው። ጄኮብ ቤላን ያለ ፈቃዷ ይዞ ይስማታል፤ እርሷም በቡጢ ስትመታው የገዛ እጇ ይሰበራል። ወደ አባቷ ሄደው ጄኮብ የሆነውን ሲነግረው አባትየው ልጁን ያመሰግነዋል። አባትየው የከተማው የፖሊስ አዛዥ ነው። ቦታው የቀልድ ሆኖ ተጽፏል፤ ብዙ አንባቢም ስቆ ማለፉን አንጠራጠርም። ነገር ግን ስም የሚጠራለት ሕግ ራሱ በዚያ ቤት ተቀምጦ ሲስቅ፥ ልጅቷ ወዴት ትጮኻለች?

በመጨረሻው ቅጽ ቤላና ኤድዋርድ ይጋባሉ። ከሠርጉ በኋላ ወደ ብራዚል ጠረፍ አጠገብ ወዳለ ደሴት ይሄዳሉ፤ በነጋታውም ሙሽራይቱ ገላዋ በሰንበር በልዞ ትነቃለች። ኤድዋርድ በሠራው ይደነግጣል። ሰንበሩን የምትሸፍነው፥ የምታጽናናው፥ ደስታዬን አታበላሽብኝ ብላ የምትለምነው ግን እርሷ ናት። ቀጥሎ ትፀንሳለች፤ ፅንሱ የጎድን አጥንቷን ይሰብራል፥ ከውስጥም ያደክማታል። እስከዚህ ድረስ ታሪኩን በገዛ አንደበቷ ስትነግረን የኖረችው ቤላ ናት። ገላዋ ከሁሉ ይልቅ በሚጎዳበት በዚህ ክፍል ግን ትረካው ከእርሷ ተወስዶ ለጄኮብ ይሰጣል፤ ቃሏ የሚመለስላት ልትወልድ ስትልና ወደ ቫምፓየርነት ስትለወጥ ነው። የተወለደችውን ሕፃንም ጄኮብ ገና እንዳያት «ታትሞባት» ዕድሜ ልኳን የእርሱ ትሆናለች። በ«ኤክሊፕስ» ሌላው ተኩላ በሁለት ዓመት ልጅ ላይ እንዲሁ ታትሟል። ደራሲዋ ልጆቹ እስኪያድጉ ወንዶቹ እንደ ታላቅ ወንድም እንደሚሆኑ አስረድታለች። ማብራሪያው አላሳመነንም፤ ሕፃኗ እምቢ የምትልበት ቀን ስለ መኖሩ በእርግጥ የሚናገር ቦታ አላገኘንምና።

ይህ ሁሉ በማየር ሃይማኖት ምክንያት ነው የሚሉ ሐያስያን አሉ፤ የሞርሞን ምእመን ስለ ሆነች። ነገር ግን መቶ ሚሊዮን ቅጂ የገዛ ሕዝብ ሁሉ ሞርሞን አይደለም። የበለጠ የሚያስረዳን የ1996ቱ የአሜሪካ ሕግ ይመስለናል። በዚህ ሕግ መሠረት ከጋብቻ በፊት ከሩካቤ መታቀብን ብቻ ለሚያስተምሩ ፕሮግራሞች በየዓመቱ 50 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ፤ ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ግንኙነት አእምሮንም ገላንም ሊጎዳ ይችላል ብሎ ማስተማር ከተዘረዘሩት ግዴታዎች አንዱ ነበር። በ2005 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረች አሜሪካዊት ልጅ ይህን ትምህርት ሰምታ ማደጓ የሚያስደንቅ አይደለም። ልብ ወለዱ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ከሠርግ በፊት ፍትወት ይገድላል፤ ከሠርግ በኋላ ግን ያው ጉዳት ፍቅር ይባላል።

መጽሐፉን የሚወዱ የክፍል ጓደኞቻችን አንድ መልስ አላቸው፥ መልሱም ቀላል አይደለም። ሉሲ ስለ ተመኘች ተወጋች፤ ቤላ ግን ምኞቷን በግልጥ ትናገራለች፥ እንቢ ባዩና ንጽሕናን ጠባቂው ወንዱ ነው፤ እርሷም አትቀጣም፥ በመጨረሻም ከሁሉ የበረታች ትሆናለች ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ከ1897 ጀምሮ የተገኘ ትልቅ ለውጥም ነው። የእኛ ክርክር ልጅቷ መመኘቷን አይነካም። ክርክራችን፥ መመኘቷ የደረሰባትን ጉዳት ስም ለማሳጣት መዋሉ ላይ ነው።

ጋብቻ ያለፈውን ጉዳት ያጥባል የሚለው አሳብ ደግሞ የተረት ብቻ አልነበረም። በኢጣልያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንዲትን ሴት የደፈረ ሰው ቢያገባት ወንጀሉ ይቀርለት ነበር፤ አንቀጹ የተሻረው በ1981 ነው። የእኛም የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ከተጠለፈችው ጋር የጸና ጋብቻ ካደረገ ክስ እንዳይቀርብበት መንገድ ይከፍት ነበር። በ2004 የወጣው አዲሱ የወንጀል ሕግ ግን ኋላ የተደረገው ጋብቻ ጠላፊውን ከኃላፊነት እንደማያድነው ደነገገ። ይህ ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በሜይ 2005 ነው፤ «ትዋይላይት» የታተመው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም። ሆኖም የእኛ አገር አንባቢ ከጎንደርም ይምጣ ከአርሲ፥ ሰንበሯን ሸፍና ባሏን የምታጽናናውን ሙሽራ ሲያነብ፥ ከፎርክስ ከተማ ይልቅ ቅርብ የሆነ ነገር ትዝ ቢለው አንፈርድበትም።

ማየር የተነሣውን ወቀሳ ሰምታለች። በ2015፥ የመጀመሪያው መጽሐፍ አሥረኛ ዓመት ሲከበር፥ ታሪኩን የወንዱንና የሴቷን ቦታ አለዋውጣ «ላይፍ ኤንድ ዴዝ» በሚል ርእስ እንደ ገና ጻፈችው፤ የሚያጠቃው ቤላን ሴት ስለ ሆነች ሳይሆን ሰው ስለ ሆነች መሆኑን ለማስረዳት ነው። በዚህኛው ቫምፓየሯ ኢዲዝ የተባለች ሴት ስትሆን ተማሪው ቦ የተባለ ወንድ ልጅ ነው። ድርጊቱ ከሞላ ጎደል በየምዕራፉ አንድ ዐይነት ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ግን ይለያያል። ቤላ በመጀመሪያው መጽሐፍ መርዙ ከደሟ ወጥቶላት ሰው ሆና ትተርፍና እስከ አራተኛው ቅጽ ድረስ ትጠብቃለች፤ ቦ ግን መርዙ ስለ ተሠራጨበት ፈቃዱ ተጠይቆ እዚያው ቫምፓየር ይሆናል። በዚህም ምክንያት ታሪኩ በአንድ ቅጽ አለቀ፤ ባዶ ገጾችም፥ ደሴትም፥ ሰንበርም ለቦ አልተጻፈለትም።